በርቺ አትበሉኝ

ባለቤቴ የወጣቶች አገልጋይ ነው፤ እዚሁ ደሴ፣ አንዲት መካከለኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ የሚለኝ "ተባረኪ" ነው። ቀጥሎ "በርቺ"።

በርቺን ስንቴ እንደሰማኋት እንጃ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆሜ፣ ልጄ ቀሚሴን እየጎተተች፣ በአንድ እጄ ሰው እየጨበጥኩ በሌላው ባዶ ፔርሙስ አንጠልጥዬ፣ "በርቺ እህቴ!" እባላለሁ። አሜን እላለሁ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ያቺው ቃል ታደክመኛለች። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በርቺ ትእዛዝ ናት። የያዝሽውን እንዳትለቂ፣ ከቻልሽም ጨምሪበት ማለት ናት። የሚለኝ ሰው ሁሉ በፍቅር እንደሚለኝ አውቃለሁ። ብቻ አንድም ሰው "እስቲ ቁጭ በይ" ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ላማርር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ላማርርም ነው።

የምንኖረው ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ተከራይተን። ሁለት ክፍል፣ ማድ ቤቱ ለብቻው፣ ግቢው የጋራ። አከራያችን ግድግዳ ተጋርተውን እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ሙስሊም ናቸው፣ በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ፣ እትዬ እላቸዋለሁ። ስለ እሳቸው ኋላ እመጣበታለሁ። እኔ ቀን ቀን አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከሰዓት የሰው ልጆች ደብተር አርማለሁ፣ ማታ ደግሞ የሰው ልጆች አስተናግዳለሁ።

እንግዳው ስንት እንደሆነ የማውቀው በጫማ ነው። የደሴ ክረምት ጭቃ ነውና ልጆቹ ጫማቸውን በረንዳ ላይ አውልቀው ነው የሚገቡት። ማድ ቤት ሆኜ አንገቴን ብቅ አድርጌ እቆጥራለሁ። ስምንት ጥንድ ከሆነ ቡና ይበቃል። አሥራ አምስት ከሆነ ሻይ ይሻላል። ከሃያ ካለፈ ዳቦ የሚያመጣ ሰው እልካለሁ፣ በዱቤ። አንዳንዴ የባለቤቴን ጫማ እዚያ መሀል አይቼ "ለካ እሱም አለ" እላለሁ። ቀልድ ይመስላል። ግን ባልና ሚስት ሆነን አንድ ወር ሙሉ ለብቻችን ራት ሳንበላ ያለፈበት ጊዜ ነበር።

እንዲህ የበዛው ከ2014 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከተማው ተበተነ። ገሚሱ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፣ ገሚሱ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እኛም የመንፈቅ ልጃችንን ታቅፈን ወጣን። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከተማው ነጻ ወጣና ተመለስን። የተመለሱት ወጣቶች ማታ ማታ ብቻቸውን መሆን አልቻሉም። በር በነፋስ ድርግም ሲል መሬት የሚተኛ የ19 ዓመት ጎረምሳ አየሁ። ስለዚህ ይመጣሉ። ፕሮግራም የለም፣ ትምህርት የለም፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ጊታር ይነካካል። እንዴት ተብሎ "ሂዱ" ይባላል? ባለቤቴ "ቤታችን ክፍት ይሁን" ሲል ሳላንገራግር እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ደግሞ ወሎ ነን። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል፣ ማንንም ሳይንቅ ሁሉን የሚያበላ ለማለት። ልጆቹ የኛንም ቤት "አይጠየፍ" እያሉ ይጠሩት ጀመር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በኋላ ግን ሰሃን እያጠብኩ ማሰብ አመጣሁ። ንጉሡ እኮ ወጥ ሠሪ ነበራቸው፣ እንጀራ ጋጋሪ ነበራቸው፣ ጠጅ ጣይ ነበራቸው። እኔ ያለኝ አንድ ምጣድና ሁለት ቢጫ ጀሪካን ነው።

ነገሩ ሰሃን ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። የሚከብደው ማድ ቤት ድረስ ተከትለውኝ የሚገቡት ሴቶች ልጆች የሚነግሩኝ ነው። "ሽንኩርት ላግዝሽ" ብለው ይገባሉ። ሽንኩርት ጥሩ ነገር ነው፣ ለሚያለቅስ ሰው ሰበብ ይሆናል። ቤተሰቧ ሳያውቅ ፓስፖርት ያወጣች አለች፣ ደላላው ጅዳ አስገባሻለሁ ያላት። የወር አበባዋ የቀረባት አለች። ወንድሟ ጫት ቤት እየዋለ የእናቷን ወርቅ የሸጠባት አለች። (የማንም ታሪክ እንዳይታወቅ አቀያይሬዋለሁ፣ ሥጋት አይግባችሁ።) ሁሉም ሲጨርሱ የሚሉት አንድ ነው፤ "ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለሱም ቢሆን።" እሺ እላለሁ። ስለዚህ ለባሌ አልነግረውም። እሱም የወንዶቹን ለእኔ አይነግረኝም። መብራት አጥፍተን፣ ሁለታችንም የሰው ሚስጥር ታቅፈን፣ ጀርባና ጀርባ እንተኛለን።

ከዚያ ደግሞ ይሄዳሉ። ይሄን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም። የወጣቶች አገልግሎት መናኸሪያ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ሦስት አራት ዓመት አብረውን ይበሉና፣ ጥቁር ጋዋን ለብሰው ከኛ ጋር ፎቶ ይነሱና፣ በሳምንቱ የሉም። የሰፈሩ ልጆች ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይገባሉ፣ ሴቶቹ ዓረብ አገር። ከመዘምራኑ ድምፅዋ እጅግ ከፍ የሚለው ልጅ አሁን ሪያድ ሰው ቤት ናት። በኢሞ የምትደውለው አሠሪዎቿ ሲተኙ ነው፤ እኛ ጋ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ። "መዝሙር ልዘምርልሽ?" ትለኛለች። ሰዎቹ እንዳይሰሟት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ በሹክሹክታ ትዘምርልኛለች። አዳራሽ የሚሞላውን ያን ድምፅ የማውቅ ሰው ይህን እየሰማሁ እንዴት እተኛለሁ?

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወደዚያች አርብ ማታ ደረስኩ።

በማግስቱ የወጣቶች ኮንፈረንስ አለን። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ምሳው የእኔ ነው። መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ውሎ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከባልዲው ሊፈስ ደርሷል። ምጣዱን ሰካሁ። ሳሎን ውስጥ ልጆቹ ለነገ መዝሙር ይለማመዳሉ። መዝሙሩ ስለ ዕረፍት ነው፣ በጌታ ስለማረፍ። አዝማቹ ላይ ጊታሩ ይሳሳታል፣ ከመጀመሪያው ይደግሙታል፣ ይሳሳታል፣ ይደግሙታል። እኔ እጋግራለሁ። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ፣ ሊጡን ከዳር እስከ መሀል አዙር፣ ዓይን እስኪያወጣ ጠብቅ፣ አክንባሎውን ድፋ፣ አንሳ፣ በሰፌድ አውጣ፣ እንደገና አሰስ። ሃያ ስድስተኛው ላይ አክንባሎውን ሳነሳ እንፋሎቱ የእጄን አንጓ ለበለበው። ቀዝቃዛ ውሃ ላፈስበት ጀሪካኑን አነሳሁ። ባዶ ነው። ሌላውን አነሳሁ። ባዶ።

በሩ ተከፈተ። ጊታር መቺው ልጅ ነው።

"እህቴ፣ ሻይ..." አለ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኔ የያዝኩት ሰፌድ ነበር። "እኔ ሆቴል አይደለሁም!" አልኩ። አልኩ ስል ጮህኩ ማለቴ ነው። "ሻይ የፈለገ ፒያሳ ይሂድ! ሰው ነኝ እኮ! ሰው!" ሰፌዱን ወረወርኩት። ልጁን አላገኘውም። ግድግዳውን መታና ወለሉ ላይ በጠርዙ ይሽከረከር ጀመር፤ ቶሎ ወድቆ ዝም ቢል ምናለ፣ እሱ እቴ! ሳሎን መዝሙሩ መሀል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ከበረንዳው ጫማ ሲፈለግ ሰማሁ። ሃያ ሰው በጨለማ፣ ሳይነጋገር፣ እየተሽቀዳደመ ጫማውን ሲፈልግ የሚሰማውን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ባለቤቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ምን ሆንሽ?" አለኝ። መልስ ስላልነበረኝ የቀረውን ሊጥ ጋገርኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይሉ የለ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ሌሊት እያለቀስኩ ጋገርኩ። ቅዳሜ እንግዶቹ በሉ፣ እንጀራው ግሩም ነበር አሉ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበርና አንዲት እህት ጆሮዬ ስር ጠጋ ብላ "ጠላት የሚነሳው አገልጋይ ቤት ላይ ነው፣ በርቺ" አለችኝ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። ባሌና ልጄ ሄዱ፣ እኔ ጣራ እያየሁ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። የጭቃ ግድግዳ ነው የሚለየን፣ የአርብ ማታውን ጉድ አንድም ሳይቀር ሰምተዋል። ስለ እሱ ግን ትንፍሽ አላሉም። በትንሽ ሰሃን እንጎቻ ይዘዋል። አሁን ከምጣድ የወረደ፣ በርበሬና ቅቤ የተቀባ፣ ቅቤው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ የተኛ።

እንጎቻ ለማን እንደሚጋገር ታውቃላችሁ። እናት ጋግራ ስትጨርስ፣ ታች በቀረችው ሊጥ፣ ምጣዱ ዙሪያ ለሚያንዣብብ ልጅ ነው። ለእኔ መጨረሻ የጋገረችልኝ እናቴ ናት፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋጋሪዋ እኔ ነኝ።

"ብይ" አሉኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እስክጨርስ አዩኝ። ሰሃኑን ላጥብ ብዬ ስነሳ ከእጄ ነጠቁኝ። "አብሽሪ ልጄ። አሁን ተኚ። ሰው ከመጣ እኔ እመልሰዋለሁ።" በሩን ከውጭ ገርበብ አደረጉ። በርጩማቸውን አስጠግተው ሲቀመጡ ሰማሁ። አንድ ሁለት ሰው መጣ መሰለኝ፤ "ልጅቱ ተኝታለች፣ ነገ ኑ" ሲሉ በህልሜ እንደ ሰማ ሰው ሰማሁ። የነቃሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

አብሽር ቃሉ ዓረብኛ ነው፣ ወሎ ውስጥ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የታክሲ ረዳቱም ሳይቀር ይለዋል። አይዞህ ከማለት ትንሽ ይለያል፤ መልካም ወሬ አለልህና ደስ ይበልህ እንደማለት ነው። ከኛው ከግእዙ "ብሥራት" ጋር ሥሩ አንድ ነው። ብሥራት ደግሞ ምን እንደሆነ ለክርስቲያን አይነገርም፣ ያው ወንጌል ነው። በርቺ ከእኔ ጉልበት ትፈልጋለች። አብሽሪ ስባል ግን አንድ የተደረገልኝ ነገር አለ ማለት ነው። ስንት ኮንፈረንስ ላይ እጄን ዘርግቼ የጠበቅሁትን እትዬ በሰሃን ይዘውልኝ መጡ።

ማታ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ። አንደኛ ነገሥት 19፣ ኤልያስ የሸሸበትን። ቀርሜሎስ ላይ እሳት አውርዶ ገና ሳያርፍ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ምድረ በዳ ይገባል። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት ይላል። ክትክታ! ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ በየዳገቱ ያለችው፣ ለማገዶ የምትቆረጠው፣ ጥላዋ ለአንድ ፍየል እንኳ የማይበቃው። ዕብራይስጡ የሚናገረው ሌላ የበረሃ ቁጥቋጦ ነው። የአማርኛ ተርጓሚዎቻችን ግን ክትክታ አሉት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ኤልያስን ሐረጎ ዳገት ላይ አስቀመጡልኝ።

መልአኩ መጣ። አልገሠጸውም። በርታም አላለውም። ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው። ራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። እንጎቻ ይላል፣ በአማርኛ፣ ጥርት ብሎ። ጣቴ እዚያች ቃል ላይ ቆመ። ሰውየው በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፣ አሁንም ብላ አለው፣ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው ብሎ። ኮሬብ ላይ ያ ቀጭን ድምፅ የመጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍና እንጀራ።

ይህ ክፍል ሲሰበክ ስንቴ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ የሚሰበከው ግን ለአገልጋዮች ነው፣ ደክሟችኋል ዕረፉ ተብሎ። በእህቶች ፕሮግራም ላይ ለእኛ የሚሰበክልን ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ያለው ነው፤ የሰራፕታዋ መበለት። እዚያም እንጎቻ አለ። ይኸው ኤልያስ ነው፣ እፍኝ ዱቄት ብቻ የቀራትን ሴት አስቀድመሽ ለእኔ ታናሽ እንጎቻ አድርገሽ አምጪ የሚላት። ጋገረችለት። ማድጋው አልጎደለም። ሃሌ ሉያ እንላለን፣ ከዚያ ተነስተን ሻይ እናፈላለን። አንድ ነቢይ፣ ሁለት እንጎቻ። የመጀመሪያውን ሴት ጋገረችለት፣ ሁለተኛውን መልአክ አቀረበለት። ለሴቶቹ የመጀመሪያውን ይሰብኩልናል፣ ወንዶቹ ሁለተኛውን ለራሳቸው ያስቀሩታል።

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። "እኔ ራሴ ሰብኬዋለሁ" አለ፣ "ሁለቱንም፣ ልክ እንዳልሽው።" ቁጥር 15ን አነበብኩለት። እርስዋና እርሱ ቤትዋም ብዙ ቀን በሉ ይላል። እርስዋ ቀድማ ነው የተጠራችው። ሴትየዋ በልታለች! አሥራ አምስት ዓመት ስብከት ስሰማ ሴትየዋ መብላቷን አንድም ሰው አልነገረኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት "ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ፣ አንቺ ውጪ" አለኝ። ወዴት? "ወደፈለግሽበት።" ወደፈለግሁበት የሚባል ቦታ እንደሌለኝ ያወቅሁት መናኸሪያ ቆሜ ነው። ለኮምቦልቻ የሚጠራው ረዳት ቅርብ ስለነበር ገባሁ።

ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ጉም ለብሳ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ሐረጎን በዚያ ጠመዝማዛ ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ቀጥሎ ጋቢውን አወረድኩ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ፣ ሰውነት ደግሞ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ከኛ ህብረት የወጣች አንዲት ልጅ ኮምቦልቻ አለች። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከሄዱብኝ ልጆች ጋር የቆጠርኳት ናት። ደወልኩላት።

ክፍሏ አልጋና አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ብቻ ናት። ምስር ልትሠራ ሽንኩርት አወጣች፣ እኔም ሳላስበው ቢላዋ አነሳሁ። ቀማችኝ። "እዚህ እንግዳ ነሽ" አለች። እንግዳ! ከበላሁ በኋላ መጋረጃውን ሳበች፣ ነጠላዋን ደረበችልኝ። ቆርቆሮው በሙቀቱ ጠቅ ጠቅ ይላል። ተኛሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስነቃ ልጅቱ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። እንዳልረብሽሽ ብላ ስድስት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ናት፣ የእሷም ዕረፍት ቀን ነበር እኮ።

ሚኒባስ ልትሸኘኝ ስትመጣ መንገድ ላይ "ያኔ ማድ ቤትሽ ሽንኩርት ስልጥ የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ?" አለችኝ።

"አስታውሳለሁ።"

"ለማንም አልነገርሽም።"

"አልነገርኩም።"

"አውቃለሁ" አለች። አንድ ፌስታል ብርቱካን በመስኮት አቀበለችኝና ሚኒባሱ ተነሳ። ስለ እኔ አገልግሎት ስንት የምስክር ወረቀት ስንት ጭብጨባ አይቻለሁ፤ ያን "አውቃለሁ" የሚያህል ግን አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ቤታችን ዝግ ነው። ሐሳቡ የእኔ፣ ማስታወቂያውን የተናገረው ባለቤቴ። እሁድ ፊት ለፊት ቆሞ "ሰኞ አትምጡ፣ የሞተ ሰው ካልኖረ" አለ። ወጣቶቹ ቶሎ ገባቸው። አንድ አባት ግን ከፕሮግራም በኋላ ጠጋ ብለው "ሐዋርያት በራቸውን ይዘጉ ነበር?" አሉን። ባለቤቴ ማርቆስ 6ን ጠቀሰላቸው፤ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና ጌታ ራሱ ኑና ጥቂት ዕረፉ ያላቸውን። አባታችን አሰብ አድርገው "እዚያም እኮ ሕዝቡ ቀድሟቸው ደርሶ አምስት ሺህ ሰው አበሉ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሳቅን። ሰኞ ግን ዝግ ነው።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሁለት የአገልጋይ ሚስቶች አገኘሁና በወር አንዴ ቡና እንጠጣለን። ማንኛችንም ለሌላዋ ምእመን ስላልሆንን እንደ ልብ ነው። ሕጋችን ቀላል ነው፤ እስከ ቶና ድረስ ማንም ጥቅስ አይጠቅስም፣ በርቺ ያለች የሚቀጥለውን ቡና ትገዛለች። ወጣቶቹም የሰሃንና የውሃ ተራ አወጡ። ከአምስቱ ወንዶች አንዱ ብቻ ነው ሰሃን በሥርዓት የሚያጥበው፣ የሌሎቹን እነሱ ሲሄዱ ደግሜ አጥበዋለሁ። እትዬ ሲያዩኝ "ተይው እንጂ!" ብለው ይቆጡኛል። ልተወው እየሞከርኩ ነው።

ያልተፈታልኝም አለ። ስልኬ አሁን ሳሎን ነው የሚያድረው። ከሪያዷ ልጅ ጋር አርብ ማታ እንድንደዋወል ተስማምተናል። አንድ ማክሰኞ ሌሊት ግን ሦስት ጊዜ ደውላ ነበር፣ ጠዋት ነው ያየሁት። መልሼ ብደውል አታነሳም። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳው ላይ ማባዛት እየጻፍኩ ሆዴ ሲታወክ ዋለ። አርብ ስታነሳ "ምንም አልነበረም፣ ናፍቀሽኝ ነው" አለች። አላመንኳትም። ስልኩን ወደ መኝታ ቤት ልመልሰው አልመልሰው እያልኩ አለሁ።

ጊታር መቺውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ "እኔ እኮ ሻይ ላፍላልሽ ወይ ልልሽ ነበር" አለኝ። እውነቱን ይሁን ይሉኝታ ይዞት እስካሁን አልለየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሻይ የሚያፈላው እሱ ነው፤ ቅመም ያበዛል፣ ስኳር ያሳንሳል፣ ማንም አይናገረውም። ሰሃን በማጠቡም ከሁሉ የሚቀድም እሱ ነው። ባለፈው እሁድ ሁለት ብርጭቆ ሰበረ። ከደርዘኑ አምስት ቀሩን። ብርጭቆ የሚረክሰው ሰኞ ገበያ ነው፣ ሰኞ ገበያ ደግሞ ሞቅ የሚለው ሰኞ ነው። ሰኞ እኔ ዝግ ነኝ። ለጊዜው በጣሳ ይጠጣሉ።